ፎቶግራፉ ያስቀረውን ጨሌው ሲናገር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ የነበሩ ፎቶ ቤቶች የዙሉን ሰዎች ምስል በፖስት ካርድ እያተሙ ይቸበችቡ ነበር። ከምስሉ ግርጌ የሚነበበው አጭር ነው፤ «የዙሉ ጦረኛ»፣ «የዙሉ ልጃገረድ»፣ በቃ። ልጅቷ የማን ልጅ ናት? ከየትኛው ሸለቆ መጣች? የጻፈ የለም። አንዱ ጋሻ በብዙ ሰዎች እጅ ላይ ተመላልሶ የሚታይበትም ጊዜ አለ፤ ጋሻው የተነሺው ሳይሆን የፎቶ ቤቱ ንብረት ነበርና።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከፋው የቀለሙ ጉዳይ ነው። የያኔው የፎቶ መስተዋት ቀይ ቀለምን አይቀበልም ነበር። ቀይ ጨሌ ጠቁሮ ይወጣል፤ ሰማያዊው ገርጥቶ ከነጩ ጋር ይቀላቀላል። ያገባች ሴት የምትደፋው፣ በቀይ አፈር የሚቀባው ኢሲቾሎ የተባለ ሰፊ የራስ መድፊያም በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን ቀላል ጉድለት አድርገን አንለፈው። በዙሉ ምድር የጨሌው የቀለም አሰላለፍ ከወረዳ ወረዳ፣ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። የምሲንጋዋን ሴት ሥራ ከኖንጎማዋ የሚለየው ይኸው ነው። ስሟ ላልተጻፈላት ሴት ቢያንስ አገሯን ሊነግረን ይችል የነበረው ምልክት እዚያው መስተዋት ላይ ጠፍቷል።

የጠፋውን መልሶ ለማግኘት ከሚረዱ ቦታዎች አንዱ ደርባን ቤሪያ ኮረብታ ላይ የሚገኘው መክልኒውክ የተባለው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ኪሊ ካምቤል (እ.ኤ.አ. 1881–1965) የስኳር ከበርቴ ልጅ ነበረች። የናታልንና የዙሉላንድን መጻሕፍት፣ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎች፣ ሥዕሎችና የእጅ ሥራዎች ዕድሜ ልኳን ሰብስባ ለናታል ዩኒቨርሲቲ አወረሰች። ሀብቱ ከቅኝ ግዛት የሸንኮራ እርሻ የመጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፎቶውን፣ ሥዕሉንና ጨሌውን ሳትነጣጥል አንድ ጣሪያ ሥር ማኖሯ ነው።

ባርባራ ቲረልን እንውሰድ። ሠዓሊዋ በደርባን ተወልዳ ያደገችው በዙሉላንድ፣ ኤሾዌ ነው። በ1940ዎቹ መኪናዋን ማደሪያም መሥሪያም አድርጋ በየገጠሩ ዞረች፤ የሰዎቹን ልብስና ጌጥ እያንዳንዱን ቀለም ሳታስቀር ሣለች። ከሥዕሎቿ ብዙዎቹን የገዛቻቸው ኪሊ ካምቤል ነበረች። ቲረል በ2015 ስታርፍ ዕድሜዋ 103 ነበር። የእሷን ሥዕል ከአሮጌ ፎቶ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው የጠቆረው ጨሌ ቀይ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። ሥራው በሌላው አቅጣጫም ይሄዳል፤ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የአንገት ጌጥ ቀለም አለው፣ ዘመን ግን የለውም። ፎቶው ደግሞ ቀለም ባይኖረውም ብዙ ጊዜ ዘመኑ ይታወቃል።

እዚያው ቤት የጄምስ ስቱዋርት ማስታወሻዎች አሉ። ዙሉኛ አቀላጥፎ የሚናገር የቅኝ ገዢው ዳኛ ነበር። ከ1897 እስከ 1922 ድረስ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ስለ ዙሉ ነገሥታትና ስለ አገሩ ሕግ እየጠየቀ ቃላቸውን ጻፈ፤ ከ1976 ጀምሮም በተከታታይ ቅጽ ታተመ። ቃሉን የሰጠው ሰው በስሙ ተጠርቷል። ፖስት ካርዱ የነፈገው ይህን ነበር።

በፎቶው ዓለም ስም ያልጠፋው የነገሥታቱ ነው። የዙሉው ንጉሥ ሴትሽዋዮ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው የ1879 ጦርነት ተሸንፎ ከተማረከ በኋላ በ1882 ለንደን ሲሄድ በአውሮፓ ልብስ ፎቶ ተነሥቷል፤ ንግሥት ቪክቶሪያንም ያገኛት በዋይት ደሴት ነው። የመቅደላው ልጃችን ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከዚያችው ንግሥት ፊት የቀረበውና በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት የተቀመጠው በዚያችው ደሴት ነበር። ለእኛ አንባቢ የዙሉ ፎቶ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይሆን ይህ ይበቃል።

ሴትሽዋዮ በ1884 ያረፈው ኤሾዌ ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ቩካኒ የተባለው ሙዚየም የዙሉ ቅርጫቶችንና ሸክላዎችን ይዟል። ኢላላ ከሚባል ዘንባባ ቅጠል የሚሠራው ቅርጫት ጥልፉ እጅግ የጠበቀ ስለሆነ ጠላ አያንጠባጥብም፤ ቀለሙ የሚወጣውም ከሥርና ከልጥ፣ ከቅጠልና ከጭቃ ነው።

ሸክላውን በተመለከተ ኔስታ ናላን (1940–2005) ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በቱጌላ ሸለቆ አካባቢ ከእናቷ የተማረችውን ሙያ ለሴት ልጆቿ ያስተማረች ናት። ኡካምባ የሚባለው የጠላ ማሰሮ ያለ ማሽከርከሪያ ይሠራል። ጭቃው እየተድቦለቦለ ይደረደራል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። አንዴ ተቃጥሎ ከወጣ በኋላ ጭስ በበዛበት እሳት ዳግም ይጠቁርና በስብ ይወለወላል። መጥቆሩ ምክንያት አለው፤ የአያቶች መንፈስ ጨለማውን ይወዳል ተብሎ ይታመናል። ናላ ከቁፋሮ የወጡ የጥንት ገሎችን አይታ ጌጣቸውን ወደ ራሷ ሥራ ወስዳለች። ደግሞም በማሰሮዎቿ ላይ ስሟን ትጽፍ ነበር።

ዛሬ ከማንኛውም ሙዚየም የምጠብቀው ይህንኑ ስም የመስጠት ሥራ ነው። ስም አልባዎቹን ፎቶዎች ቅጂ አድርጎ ወደ ምሲንጋና ወደ ኖንጎማ ይውሰድ፤ ከቲረል ሥዕሎችና ከጌጦቹ ጋር ያስቀምጥ፤ ጨሌ ማንበብ የሚያውቁ አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ። «የዙሉ ልጃገረድ» የሚለው ተነሥቶ የሴትዮዋ ስም ባይገኝ እንኳ የወረዳዋ ስም ይጻፍበት።