የመነጽር ዋጋና የሚኒስትሮች ሥልጣን



ዕድሜው አርባን የተሻገረ ሰው የሚያነበውን ወረቀት ቀስ በቀስ ከፊቱ ማራቅ ይጀምራል። አስቀድሞ መብራቱ ደከመ ይላል፤ ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱ ፊደሉን እንዳደቀቀው ያማርራል፤ በመጨረሻም ክንዱ ያጥርበታል። ነገሩ በሽታ አይደለም። ከዓይን ብሌን በስተኋላ ያለው የተፈጥሮ መስተዋት ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ፥ ቅርብ ያለውን ለማየት እንደ ቀድሞው መለጠጥና መሰብሰብ ይሳነዋል። ይህ ዕጣ ለባለጸጋውም ለድኻውም ሳያዳላ ይደርሳል፤ የሚያዳላው መፍትሔው ነው። መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል ጸሐፊና መርፌ ይዞ የሚውል ልብስ ሰፊ መነጽር መግዛት ካልቻሉ፥ እጃቸው ሙያውን ሳይረሳ እንጀራቸው ይቋረጣል።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የመነጽርን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ያስነሣውን ክርክር እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነጽር በኢጣሊያ አገር በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከተፈለሰፈ ወዲህ ዋጋው በየዘመኑ እየረከሰ መጥቷል። በመጀመሪያ የመነኮሳትና የጽሕፈት ሰዎች ዕቃ የነበረው፥ የማተሚያ መሣሪያ ከመጣ በኋላ አዟሪ ነጋዴ ከመንደር መንደር ይዞት የሚዞር ሸቀጥ ሆነ። ነገር ግን መስተዋቱ ሲረክስ ምርመራው አብሮት አልረከሰም። በ1930ዎቹ ዓመታት ብዙ የእንግሊዝ ድኻ ወደ ዓይን ሐኪም በመሄድ ፈንታ ዉልዎርዝ ወደሚባለው የርካሽ ዕቃ መደብር ገብቶ፥ ከተደረደሩት መነጽሮች አንዱን እያነሣ ሌላውን እየተወ፥ ፊደል የሚያሳየውን ሲያገኝ ከፍሎ ይወጣ ነበር። ይህን ሰው በሞኝነት ልንወቅሰው አይገባም፤ ኪሱ የፈቀደለትን አደረገ። ጉዳቱ ግን አልቀረም። ሁለቱ ዓይኖቹ የተለያየ መስተዋት ሲሹ አንድ ዓይነት ይደረግላቸዋል። ከዚህም የሚከፋው፥ ግላኮማን የመሰለ፥ ሕመም ሳያሰማ ብርሃን የሚያጠፋ በሽታ በመደብር መደርደሪያ ፊት የሚታወቅ አለመሆኑ ነው።

እርግጥ በ1911 የወጣው የመድን ሕግ ለደመወዝተኛው ሠራተኛ ሐኪም አስገኝቶለት ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ግን አላካተተም፤ መነጽርም ቢሆን ሠራተኛው የገባበት የመድን ማኅበር ትርፍ ገንዘብ ሲኖረው ብቻ የሚታሰብ ተጨማሪ ነገር ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጡት የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ሚስተር አናይሪን ቤቫን ናቸው። ሚስተር ቤቫን ትሬዲጋር በምትባል የዌልስ የከሰል ማዕድን ከተማ ከቆፋሪ አባት ተወልደው፥ ገና ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ትተው ወደ ጉድጓዱ የወረዱ ሰው ነበሩ። በደካማ ብርሃን የሚሠሩትን ቆፋሪዎች የሚይዘውና ዓይንን ያለ ፈቃድ የሚያንቀጠቅጠው ሕመም እርሳቸውንም በወጣትነታቸው አግኝቷቸዋል። የዓይን ነገር ለእኒህ ሚኒስትር በፋይል ላይ ብቻ የተነበበ ጉዳይ አልነበረም።

ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። መነጽር የፈለገ ሰው ከሐኪሙ አንድ ወረቀት ይቀበላል፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዓይን መርማሪ ይሄዳል፤ ከተመረመረ በኋላ መንግሥት ከወሰናቸው ጥቂት የክፈፍ ዓይነቶች አንዱን መርጦ፥ ቤሳ ሳይከፍል ይወስዳል። ክፈፎቹ ለዓይን የሚማርኩ አልነበሩም፤ ልጆች በትምህርት ቤት ይሳለቁባቸው ነበር። (ክቡን የሽቦ ክፈፍ ከብዙ ዓመት በኋላ ዘፋኙ ጆን ሌነን ፋሽን አደረገው፤ የሰው ምርጫ እንዲህ ተገለባባጭ ነው።)

ሕዝቡ ወደ መርማሪዎቹ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 5 ሚሊዮን የሚያህል መነጽር ታደለ፤ ፋብሪካዎቹ ትእዛዙን ማድረስ ተሳናቸው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ወራት ቈጠረ፤ ወጪውም ከተገመተው እጅግ በለጠ። ተቺዎች ወዲያው ነጻ ነገር ሕዝቡን አስጎመጀው አሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። የጥርስ ሕመም የሌለው ሰው ጥርሱን ለማስነቀል እንደማይሰለፍ ሁሉ፥ አጥርቶ የሚያይ ሰውም በአፍንጫው ላይ መነጽር ለመሸከም አይሰለፍም። የተሰለፉት በአመዛኙ ለዓመታት በጭጋግ ውስጥ የኖሩ ሽማግሌዎችና የቤት እመቤቶች ነበሩ። ችግሩ በ1948 አልተወለደም፤ ቀድሞ ክፍያው ደብቆት የነበረው በዚያ ዓመት ተቈጠረ እንጂ።

ይሁን እንጂ የኮሪያ ጦርነት ተነሣና የእንግሊዝ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ 4,700 ሚሊዮን ፓውንድ ለጦር መሣሪያ ለማውጣት ወሰነ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በተሻገረበት በ1951፥ በኤፕሪል ወር፥ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚስተር ሂው ጌትስኬል ባጀታቸውን ሲያቀርቡ፥ ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ከዋጋው እኩሌታ ሕዝቡ እንዲከፍል አሳወቁ። ከዚህ ይገኛል የተባለው በመጀመሪያው ዓመት 13 ሚሊዮን፥ በሙሉ ዓመት 23 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

የሚስተር ጌትስኬል ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ወሰን የሌለው ወጪ ሌላውን የጤና ሥራ ይበላል ብለው ያምኑ ነበር። ሚስተር ቤቫን ደግሞ አንድ ጊዜ በሩ ከተከፈተ ክፍያ ተከታትሎ እንደሚገባ አስጠነቀቁ። ምንም እንኳ እርሳቸው ራሳቸው በ1949 በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ክፍያ ለመጣል የሚያስችለውን ሕግ ተቀብለው የነበሩ ቢሆኑም፥ በመነጽሩ ነገር ግን አልመለስ አሉ። በዚያን ጊዜ የሥራ ሚኒስትር ሆነው ነበርና ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የንግድ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰንና አንድ ሌላ ባለሥልጣን ተከተሏቸው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ፓርቲያቸው በምርጫ ተሸነፈ፤ በተከታዩ ዓመትም የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ መጣ።

የመነጽሩም ክፍያ በዚያው ጸና። ዊልሰን በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የመድኃኒቱን ክፍያ ቢያነሡትም በ1968 ራሳቸው መለሱት። በ1986 ለልጆችና ገቢያቸው ለአነሰ ሰዎች መነጽር በመስጠት ፈንታ፥ ዋጋውን የሚደጉም ኩፖን ይታደል ጀመር። በ1989 ደግሞ እስከዚያ ድረስ ነጻ ሆኖ የቈየው ምርመራ ለአብዛኛው ሰው በክፍያ ሆነ። ያን ጊዜ ሐኪሞች ግላኮማ ሳይታወቅ ይቀራል ብለው ተቃወሙ፤ የድሮው የመደብር መደርደሪያ ጉዳት ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ዕድሜያቸው 60 ለሞላ ሰዎች ነጻው ምርመራ በ1999 ተመለሰላቸው። ስኮትላንድም በ2006 ለነዋሪዋ ሁሉ ምርመራውን ነጻ አደረገች፤ የመስተዋቱንና የክፈፉን ዋጋ ግን በዚያም አገር ቢሆን አብዛኛው ሰው ከኪሱ ይከፍላል።