የሕፃኑ እጅ ለምን ደከመ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ብዙዎቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ እንጽፋለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን የአንድ ጥያቄን ታሪክ ለአንባብያን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም አንዳንድ ሕፃን አንድ እጁና አንድ እግሩ ደክሞ የሚያድገው ስለምን እንደ ሆነ ነው። (የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጥያቄው ለጋሞ አገር ሰው ቀላል አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በሁለት እግሩ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ሲልክ በሌላው ይቀበላል። እንሰት የምትፍቅ ሴትም ሁለት እጅ ያስፈልጋታል።

በጋሞ ደጋ መከራ ሲደርስ አባቶች «ጎሜ» የሚባለውን ክልክል የተላለፈ ሰው እንዳለ ይመረምሩ ነበር። ይህ ሥርዓት ሰውን ከሰው በማስታረቅ ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን የታመመው ሕፃን ሲሆን፣ ክሱ ምንም ባላጠፋች እናት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በአውሮፓም ቢሆን ምክንያቱን ለማወቅ ረዥም ዘመን ወስዷል። በ1861 በለንደን ከተማ ዊሊያም ጆን ሊትል የተባለ ሐኪም፣ እርሱም ራሱ በልጅነቱ እግሩ ቆልማማ የነበረ፣ በአዋላጅ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። ምጥ የጸናበት፣ ያለ ወሩ የተወለደ፣ ወይም ሲወለድ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በኋላ እጅና እግሩ ሊገታተር ይችላል አለ። ሕመሙም ብዙ ዘመን በእርሱ ስም ተጠራ። በ1897 ደግሞ የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድ ተቃወመው። ፍሮይድ በሕልም ትርጓሜ ስሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሕፃናትን የነርቭ ሕመም የሚመረምር ሐኪም ነበር። ምጡ የጸናው ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ ስለ ታመመ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ፤ በዘመኑ ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም። በእኔ ግምት ሁለቱም ከእውነቱ እኩሌታ እኩሌታውን ይዘው ነበር።

ከምክንያቶቹ አንዱ ስትሮክ ነው፤ ይኸውም የአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መድማት ነው። ስትሮክ የሽማግሌ ሕመም ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት ጀምሮ ሕፃኑ ከተወለደ 28 ቀን እስኪሞላው ድረስም ከጥቂት ሺሕ ሕፃናት አንዱን ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ማንም ሳያጠፋ የሚደርስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሕፃኑ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ወይም ምንም ሳይታይበት ከርሞ፣ በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ወር በአንድ እጁ ብቻ ሲጨብጥ ሌላው እጁ እንደ ተጨበጠ ይቀራል። ወላጆች ይህን ሲያዩ «ግራኝ ነው» ብለው ያልፉታል። ዳሩ ግን ጤነኛ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው ቀኝና ግራውን አይመርጥም።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት በሕያው ሕፃን አንጎል ውስጥ ለማየት የቻሉት፣ በ1971 በለንደን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ከተነሣ ወዲህ ነው። ከ1994 ወዲህ ደግሞ በኤም አር አይ መሣሪያ የነርቮቹን መንገድ መከተል ተቻለ። አንጎል እንደ ጋቢ ድርና ማግ አለውና ቀዳዳው ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ክር እንደ ተበጠሰም መታወቅ አለበት። ቀኝ እጅን የሚያዝዘው የግራው የአንጎል ወገን ነው። ሕፃን ሲወለድ ግን እያንዳንዱ ወገን ወደ ሁለቱም እጆች የሚወርዱ ነርቮች አሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተሠራበት ይጸናል፣ ያልተሠራበት ይመነምናል። ስለዚህ ግራው ወገን ሲጎዳ ጤነኛው ቀኝ ሁለቱንም እጆች ለማዘዝ ይነሣል። በዚህ አኳኋን የሚታዘዝ እጅ፣ የራሱ መንገድ ከተረፈለት እጅ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ይደክማል፤ አንዱ ሲጨብጥ ሌላውም ሳይፈልግ ይጨብጣል። ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች ጤነኛውን እጅ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ሸፍነው ልጁን በደካማው እጅ እያጫወቱ ያለማምዱታል። በአንድ ወገን የደከሙ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይራመዳሉ፤ የሚያስቸግረው እጁ ነው።

በአገራችን በ1962 የቼሻየር ድርጅት ሥራ ሲጀምር፣ በመናገሻ የተረዱት ሕፃናት ፖሊዮ ያገኛቸው ነበሩ። የፖሊዮ እግር ይልፈሰፈሳል፣ የስትሮክ እጅ ግን ይገታተራል፤ ያም ሆኖ ሁለቱ በሕዝብ ዓይን አንድ ነበሩ። በ2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ተመሰከረ። እንግዲህ የሌሎቹ ተራ ይመስለኛል።

አርባ ምንጭ በ1960ዎቹ ከጨንቻ የጠቅላይ ግዛቱን ዋና ከተማነት ተረክባ ሆስፒታል አገኘች። በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነውም ትምህርት ቤት ዛሬ ሐኪሞችን ያስተምራል። በከተማው ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል መደገፊያና ክራንች ይሠራል። ከጨንቻ ተራራ ልጅ አዝሎ የሚወርድ ወላጅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት፤ ልምምዱም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለምና ተመላልሶ መምጣት ይኖርበታል።