ከፍታና ፓወር ኤሌክትሮኒክስ፦ የኃይል መለወጫ መሣሪያዎች በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

አኅጽሮት

ይህ መጣጥፍ በከላላ፣ በቦረናና በአጎራባች ወረዳዎች ደጋ የሚተከሉ የኃይል መለወጫ መሣሪያዎች ሲመረጡ ከፍታ ዋና መስፈርት ሊሆን ይገባል ይላል። የደጋው ብርድ የፀሐይ ፓኔልን ይጠቅማል፤ ስስ አየሩ ግን መለወጫውን ይጎዳል።

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶውን ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ በተለይም በፀሐይ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ፓኔሉ የሚሰጠው ዲሲ ግን እንዳለ አያገለግልም። ባትሪውን በልኩ የሚሞላ ኮንትሮለር፣ ዲሲውን ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚለውጥ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። በሁለቱም ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚበሩና የሚጠፉ የሲሊከን ትራንዚስተሮች ናቸው። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የተዘረጋው፣ 2000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ የሚችለው የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመርም የቆመው በዚሁ፣ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ በሚባለው ሳይንስ ላይ ነው።

የብርዱ ጥቅም

በፋብሪካ ልኬት 18 ቮልትና 5.5 አምፒር የሚሰጥ ባለ 100 ዋት ፓኔል እንውሰድ። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሽ ኮንትሮለር ፓኔሉን ከባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኘው ቮልቴጁ ወደ 12.5 ይወርዳል፤ የሚገኘውም 69 ዋት ያህል ብቻ ነው። ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ግን ፓኔሉን በ18 ቮልት እያሠራ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፒር ይለውጠዋል፤ ብቃቱ 95 በመቶ ቢሆን 94 ዋት ይገኛል።

የሲሊከን ፓኔል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲቀንስ ቮልቴጁ በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ ያለ ፓኔል ከቆላው በ25 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከ7 በመቶ በላይ ይበልጣል። ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር የሚያባክነው ይህንኑ፣ ብርዱ በነጻ የሰጠውን ትርፍ ነው።

የስስ አየር ጉዳት

የቦረናዋ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚቀንስ አየሩ ከትራንዚስተሩ ማቀዝቀዣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይዳከማል። በተለመደው ስሌት ከ1000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ አቅም ይቀነሳል፤ 1000 ዋት የተጻፈበት ኢንቨርተር እዚህ 840 ዋት ሊቆጠር ይገባል ማለት ነው። ምድጃ አጠገብ ተሰቅሎ ማቀዝቀዣው ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ስስ አየር ኤሌክትሪክንም በቀላሉ ያሳልፋል። ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደረጃ መነሻው 2000 ሜትር ሲሆን፣ ለ3000 ሜትር በሽቦዎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ ያዛል።

ሦስተኛው ጉዳት ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከሙ ሴሚኮንዳክተሮች ያለ ግልጽ ምክንያት ሲቃጠሉ አይተው ሙከራውን ጨረሩ ወደማይደርስበት የጨው ማዕድን ጉድጓድ ቢያወርዱት ብልሽቱ ቆመ። የሚከልለው አየር ስለሚሳሳ ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ባለ 12 ቮልቱን የቤት መሣሪያ አያሰጋውም፤ ከፍተኛ ዲሲ ቮልቴጅ ለሚሸከሙ ትልልቅ ኢንቨርተሮች ግን ከሚሠሩበት ቮልቴጅ በሰፊው የሚበልጥ የመቋቋም አቅም ያላቸው ትራንዚስተሮች መመረጥ አለባቸው።

መደምደሚያ

የግዥ ሰነዶች ዋትና ዋጋን ብቻ መጠየቃቸው አይበቃም፤ መሣሪያው የሚተከልበት ከፍታም ሊጻፍ፣ አቅራቢውም በዚያ ከፍታ የሚሰጠውን አቅም በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ኢንቨርተሮችንና ኮንትሮለሮችን በቦታው ቢፈትሽ፣ የከላላ ገበሬ ለከፈለው ገንዘብ ተመጣጣኙን ኃይል ያገኛል።