ስለ ሚላኖ አብያተ ክርስቲያናት መታነጽና መታደስ

ቤተ ክርስቲያን የምትታነጸው በአንድ ዘመን ነው፤ የምትጠበቀው ግን በየዘመኑ ነው። ያነጻት ሰው ስሙ በድንጋይ ይቀረጽለታል፤ በክረምት መግቢያ ጣራዋን ወጥቶ የሚመለከተውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን የሚጥላት ጠላት ሳይሆን፥ ካህኑ በባላባቱ፥ ባላባቱም በሕዝቡ፥ ሕዝቡም በካህኑ እያመካኘ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለቱ ነው። ይህ ምክንያት እንዴት እንደሚቆረጥ ለማወቅ ለሚሻ ሰው፥ በኢጣልያ አገር በሚላኖ ሀገረ ስብከት በ16ኛው መቶ ዓመት የተደረገው ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሆነዋል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚላኖ ከ374 እስከ 397 ቅዱስ አምብሮስዮስ በጵጵስና ያገለገለባት ጥንታዊት መንበር ናት። ነገር ግን በኋለኛው ዘመን ከ1565 በፊት ወደ 80 ዓመት ለሚሆን ጊዜ የተሾሙላት ሊቃነ ጳጳሳት በመንበራቸው አልተቀመጡም፤ ግብሩን እየተቀበሉ በሌላ አገር ይኖሩ ነበር። እረኛ ከበረቱ ሲርቅ በጉ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ በረቱም ይፈርሳል። የገጠሩ አጥቢያዎች ጣራ አፈሰሰ፥ ቅጽራቸው ተናደ፥ ንዋየ ቅድሳታቸውም ጠባቂ አጣ።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከ1545 እስከ 1563 በትሬንቶ ባደረገችው ጉባኤ፥ ከትልልቁ የሃይማኖት ነገር ጋራ ይህንን የሕንፃ ነገር አልተወችውም። በሐምሌ 16 ቀን 1562 የወጣው ሥርዓት ስለ ፈረሱት አጥቢያዎች እንዲህ የሚል ፍሬ ነገር ነበረው፤ አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከራስዋ ገቢ ትታደስ፤ ያ ባይበቃ የደጋፊነት መብት ያላቸውና ከርስትዋ ፍሬ የሚበሉ ሁሉ ይገደዱ፤ እነርሱ ባይኖሩ ምእመናኑ ያድሱ፤ ይህንንም የሚያስፈጽም ጳጳሱ ይሁን። ይህ ሥርዓት በቃሉ አጭር ነው፤ በሥራው ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የማመካኛውን መንገድ በየተራው ዘጋው። ግብሩን የሚበላ ሰው የጣራውም ዕዳ እንዳለበት በግልጥ ተነገረው።

ሥርዓቱን ከወረቀት አውርዶ በሥራ ያዋለው ካርሎ ቦሮሜዎ ነው። እርሱ በ1538 በአሮና ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አጎቱ በ1559 ፒዮስ 4ኛ ተብለው በሮማ መንበር በተቀመጡ ጊዜ፥ በሚከተለው ዓመት ገና ወጣት ሳለ ካርዲናል አደረጉት። በዚያ ዘመን ለወገን ሹመት ማደል የተለመደ ነበርና፥ ይህ ወጣት እንደ ቀደሙት በሮማ ተቀምጦ የሚላኖን ግብር ቢበላ የሚደነቅ ሰው ባልኖረ ነበር። እርሱ ግን በ1565 ወደ መንበሩ ገባ፤ በ1584 እስኪሞት ድረስም በሥራው ኖረ።

የሥራው ሥር ጉብኝት ነበር። ከሜዳው ከተሞች ጀምሮ እስከ አልፕስ ተራሮች፥ ዛሬ የስዊስ አገር እስከ ሆኑት ሸለቆዎች ድረስ ወጥቶ አጥቢያዎችን ተመለከተ። እርሱና እርሱ የላካቸው ጎብኚዎች በየደረሱበት መንበሩን፥ ክርስትና ቤቱን፥ ጣራውን፥ በሩን፥ ዕቃ ቤቱን እያዩ ጉድለቱን ይጽፉ ነበር፤ ሊታረም የሚገባውንም በትእዛዝ ያስታውቁ ነበር። የጉብኝቶቹ መዝገብ እስከ ዛሬ በሚላኖ ሀገረ ስብከት የታሪክ መዛግብት ቤት ተጠብቆ ይገኛል። የተጻፈ ጉድለት ከተነገረ ጉድለት ይለያል፤ የተነገረው ከተናጋሪው ጋራ ይሄዳል፥ የተጻፈው ግን ቀጣዩን ጎብኚ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በ1577 ስለ ቤተ ክርስቲያን አሠራርና ስለ ዕቃዋ መመሪያ የሚሆን በላቲን ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ በስሙ ወጣ። መጽሐፉ በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው የሕንፃውን ነገር በ33 ምዕራፍ፥ ሁለተኛው የንዋየ ቅድሳቱን ነገር ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ከፍ ባለ ስፍራ፥ ከጭቃና ከከብት በረት ከጩኸትም ርቃ፥ ከሌላ ቤት ሳትጣበቅ እንድትታነጽ ያዝዛል። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ይመልከት፤ መስኮቱ መንገደኛ ወደ ውስጥ እንዳያይ ከፍ ይበል፤ የበሩ ራስ የከተማ በር እንዳይመስል ቅስት ሳይሆን ቀጥ ያለ ይሁን፤ በእግር እንዳይረገጥም መስቀል በወለሉ ላይ አይቀረጽ ይላል። ወንዶችና ሴቶች ተለይተው የሚቆሙበትን የሳንቃ መከልከያ፥ ንስሐ በሚቀበለው ካህንና በተነሳሒው መካከል የሚደረገውንም ወንፊት ያለው መስኮት ሳይቀር ይወስናል። ይህን ሁሉ ግን ጳጳሱ ብቻውን እንዲያደርገው አላለም፤ የሕንፃ ዐዋቂ እንዲማከር ደጋግሞ ያዝዛል።

የኢትዮጵያ ካህን ይህን ሲሰማ የምሥራቁ አቅጣጫና የወንድና የሴት ስፍራ መለየት እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ነገር ግን ይቃወመዋል። መጽሐፉ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ሕንፃ ከሁሉ አስበልጦ፥ ክቡን ሕንፃ የአረማውያን ቤተ ጣዖት ልማድ ነው ብሎ ያናንቀዋል። በእኛ አገር ግን በብዙ አጥቢያ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን ክብ ሆኖ ይዞራል፤ በዚያም ማኅሌት ይቆማል፥ ቅዳሴ ይቀደሳል። ቅርጽን አረማዊ ወይም ክርስቲያናዊ የሚያደርገው በውስጡ የሚቀርበው መሥዋዕት እንጂ መሐንዲሱ የሚያዞረው ገመድ አይደለም። ለዚህም ራስዋ ሚላኖ ምስክር ናት፤ በ1576 ብርቱ ቸነፈር በገባባት ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች ለቅዱስ ሴባስትያኖስ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጹ ተሳሉ፤ መጽሐፉ በወጣበት በ1577 መሠረቱ የተጣለው ይህ ሕንፃ ክብ ነው። ሥራውን የነደፈውም የሊቀ ጳጳሱ የራሱ መሐንዲስ ፔሌግሪኖ ቲባልዲ ነበረ።

በዚያው ቸነፈር ወራት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሳለ፥ ካርሎ በመንገዶች መገናኛ መንበር እያስተከለ በየመስኮቱ ለቆመው ሕዝብ ቅዳሴ እንዲደርስለት አደረገ። ስለ በርና ስለ መስኮት ልክ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው፥ ሕዝቡ ወደ ሕንፃው መምጣት በተሳነው ጊዜ መንበሩን ወደ ሕዝቡ አወጣ። ከዚህ የተነሣ ልኩን የሚጠብቀው ለልኩ ሲል እንዳልነበረ ይታወቃል።

የነበረውን መለወጥ ግን ያለ ሐዘን አይሆንም። በሚላኖ ታላቅ ካቴድራል ውስጥ በከፍታ ተሰቅለው የነበሩትን የመሳፍንት የሬሳ ሣጥኖች አስወረደ፤ ቤቱ የእግዚአብሔር እንጂ የመሳፍንት መታሰቢያ አይደለምና። በዚህ የሚነቅፈው ካህን አይገኝም። ዳሩ ግን አዲሱን ሥርዓት ለመፈጸም በየአጥቢያው የቀደሙ ትንንሽ መንበሮች ፈረሱ፤ ከእነርሱም ጋራ የአባቶች እጅ ሥራ ጠፋ። አዳሽ ሁሉ ይህን መፍራት ይገባዋል፤ የበሰበሰውን አወጣለሁ ሲል ያረጀውን ብቻ እንዳያወጣ። ያረጀና የበሰበሰ አንድ አይደሉም።

ይህ ካቴድራል ራሱ ለነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ይሆናል። በ1386 ተጀመረ፤ በሚከተለው ዓመትም የሚላኖ ገዥ ጃን ጋሌያጾ ቪስኮንቲ ሥራውን የሚመራ ማኅበር አቆመለት፥ ከካንዶልያ ተራራ የሚወጣውንም እምነ በረድ ፈቀደለት። ካርሎ በ1577 ቀደሰው፤ ሕንፃው ግን ገና አላለቀም ነበር። ያ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ፤ የተበላውን ድንጋይ እያወጣ ከዚያው ተራራ በመጣ ድንጋይ ይተካል። የሚላኖ ሰዎችም የማያልቅ ነገር ሲገጥማቸው እንደ ካቴድራሉ ሥራ ረዘመ ይላሉ። ቃሉ ለቀልድ የተነገረ ነው፤ ወርቁ ግን ከሰሙ ይልቅ ይከብዳል፤ ሥራው ያልቃል ብሎ የሚያስብ ሕዝብ ባለበት ቤተ ክርስቲያኒቱ ታልቃለችና።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ካርሎን በ1610 ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ለማንኛውም አንባቢ የሚተርፈው ግን የጣራውን ዕዳ ባለቤት እንዲኖረው ማድረጉ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ገበዝ የሚባል ሹመት አባቶች ያቆሙት፥ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቅ፥ ስለ ሕንፃውም የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ብለው ነው። ገበዙ ስሙን ብቻ ይዞ ሥራውን የተወ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡም ገበዝ አለ ብሎ የተኛ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው የዝናም ጠብታ በመንበሩ ላይ ሲያርፍ ጥፋቱ የዝናሙ አይደለም።