የቴርሞኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ የሙቀት ዳሳሽ

የቴርሞኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ የሙቀት ዳሳሽ ወይም ሴንሰር የማቀዝቀዣውን ሙቀት ለክቶ ለመቆጣጠሪያው የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው በዳሳሹ ንባብ ስለሆነ፣ ዳሳሹ ሲሳሳት ማቀዝቀዣውም አብሮ ይሳሳታል። ያልተከፈተ ኢንሱሊንና አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ይቀመጣሉ። የሄፓታይተስ ቢ እና የቴታነስ ክትባቶች ደግሞ በረዶ ከነካቸው ኃይላቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የጥቂት ዲግሪ ስህተት መድኃኒት ሊያበላሽ ይችላል።

አሠራር

በ1834 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየር የኤሌክትሪክ ጅረት በሁለት የተለያዩ ብረቶች መጋጠሚያ ሲያልፍ መጋጠሚያው እንደ ጅረቱ አቅጣጫ እንደሚቀዘቅዝ ወይም እንደሚሞቅ አገኘ። የዛሬው የፔልቲየር ሰሌዳ የሚሠራው በዚሁ መርህ ሲሆን፣ አንዱ ፊቱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይሞቃል። ሰሌዳው ጋዝም ሆነ ኮምፕሬሰር አያስፈልገውም፤ በ12 ቮልት ባትሪም ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋም የሞቃው ፊት ሙቀት በሰሌዳው በኩል ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በብዛት የሚያገለግለው ለትንንሽ ሣጥኖች ነው።

የዳሳሽ ምርጫ

- ቴርሚስተር፦ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንሰው ዓይነት በዋጋ ርካሽ ነው። በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም የሆነው በ0 ዲግሪ ወደ 32 ሺህ ኦም ገደማ ይደርሳል። ለውጡ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ የሙቀት ልዩነትን ይለያል፤ ነገር ግን በቀጥታ መስመር አይጓዝም።
- ፒቲ100፦ ከፕላቲነም የተሠራ ሲሆን በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ነው። ለብዙ ዓመት ሳይዛባ ይቆያል። የሽቦው ተቃውሞ ንባቡን እንዳያዛባ በሦስት ወይም በአራት ሽቦ ይገናኛል።
- ቴርሞካፕል፦ ኬ የተባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ ወደ 41 ማይክሮቮልት ይሰጣል። ለምድጃ ተስማሚ ነው። የተለመደው ስህተቱ ግን ከ2 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ስፋቱ 6 ዲግሪ ብቻ ለሆነ የክትባት ወሰን አይመከርም።
- ዲጂታል ዳሳሽ፦ ዲኤስ18ቢ20 ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የስህተት ወሰኑ 0.5 ዲግሪ ነው። ለተማሪዎች ሥራ ምቹ ነው።

ካሊብሬሽን በከሚሴ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ይህ ከፍታ በካሊብሬሽን ላይ ለውጥ ያመጣል።

የመጀመሪያው ነጥብ በረዶ ነው። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ተፈጭቶ በፔርሙስ ይሞላል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ቀዝቃዛ ውሃም ይጨመርበታል። ዳሳሹ ውሃ እንዳይገባበት ተሸፍኖ መሐሉ ላይ ይደረጋል። ንባቡ ሲረጋ 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ይህን ነጥብ ከፍታ የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ በከሚሴም በደሴም ያው ነው።

የፈላ ውሃ ግን እንደዚያ አይደለም። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ በከሚሴ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ። ይህን 100 ዲግሪ ብሎ የመዘገበ ሰው እውነተኛው ሙቀት 40 ዲግሪ በሆነበት 42 ዲግሪ ያነባል፤ በ5 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሩብ ዲግሪ ያህል ይሳሳታል።

ለማቀዝቀዣ የተሻለው ሁለተኛ ነጥብ ለሥራው ቅርብ የሆነ ሙቀት ነው። ዳሳሹና የታወቀ ማጣቀሻ ቴርሞሜትር በአንድ የሚማሰል ውሃ ውስጥ ገብተው በ8 ዲግሪ አካባቢ ይነጻጸራሉ። ቴርሚስተር ሦስት ነጥብ ይፈልጋል፤ በሦስቱ ንባቦች የስታይንሃርት-ሃርት ቀመር ሦስት ቋሚ ቁጥሮች ይሰላሉ። ማጣቀሻው ራሱ የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

አቀማመጥና ብልሽት

በቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዳሳሽ የሰሌዳውን እንጂ የመድኃኒቱን ሙቀት አይለካም። ከሰሌዳው ርቆ የተቀመጠ ደግሞ ስለሚዘገይ ሣጥኑ ከሚፈለገው በታች ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚያሳውቀው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁለት ዳሳሽ ይመረጣል፤ አንዱ ለመቆጣጠሪያው በሰሌዳው ላይ፣ ሌላው ለማስጠንቀቂያ ከመድኃኒቱ ጋር።

የሽቦ ብልሽትም አስቀድሞ ይታሰባል። የተቆረጠ ቴርሚስተር ለመቆጣጠሪያው እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚታይ ማቀዝቀዙ ይቆማል። ሽቦዎቹ ከተነካኩ ግን እጅግ ሞቃት ይመስላል፤ መቆጣጠሪያው ያለማቋረጥ አቀዝቅዞ ክትባቱን በረዶ ሊያደርገው ይችላል። የተቆረጠ ፒቲ100 የሚያስከትለውም ይህንኑ ነው። ከሚጠበቀው ወሰን የወጣ ንባብ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥና ደወል የሚያሰማ መቆጣጠሪያ ይህን አደጋ ያስቀራል።