የቤት ቴሌቪዥንና የድረ ገጽ ማሰሻ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአካባቢዋ የአርሲ ደጋ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለ የእኔ ዘመን ሰው «ፕላዝማ» ሲባል የሚታወሰው የፊዚክሱ ፕላዝማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሀገሪቱ የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ይደርሰን የነበረው በክፍሉ ፊት ለፊት በተተከለ ሰፊ ቴሌቪዥን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚነገረውን ትምህርት ያልተረዳ ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፤ መምህሩም ስርጭቱን አቁሞ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። መሣሪያው ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። ኋላ በምሕንድስና ሙያ ስሠለጥን ቴሌቪዥንን ተጠያቂ ለማድረግ ስለ ተደረገው ጥረት እንድመረምር ያነሣሣኝ ይኸው ቁጭት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ ያቀረበው ኤክስቦክስ 733 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ነበረው። በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በ2002 ፊልምና ሙዚቃ የሚያጫውት ሶፍትዌር ጻፉለት፤ ይኸውም በ2004 ኤክስቢኤምሲ የተባለ የሚዲያ ማዕከል ለመሆን በቃ። ምንጩ ክፍት በመሆኑ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችል ነበር። በዚያው በ2002 አይዛክ ሪቻርድስ የጀመረው ሚዝቲቪ ደግሞ በዋናነት የቴሌቪዥን ስርጭትን ቀድቶ ለማስቀመጥ የታሰበ ሲሆን፣ ሚዝብራውዘር የተባለ የድረ ገጽ ማሰሻ በተቀጥላነት ነበረው። ተቀጥላው በመጀመሪያ ኬኤችቲኤምኤል በተባለው፣ በኋላም ከእርሱ በተወለደው ዌብኪት በተባለው የማሰሻ ሞተር ይሠራ ነበር።

ከሩቅ ለሚያየው ማሰሻን በሚዲያ ማዕከል ውስጥ ማስገባት አንድ ክፍል እንደ መጨመር ይመስላል። በእውነቱ ግን ሁለቱ የተሠሩበት ልማድ የተለያየ ነው። ማሰሻ የራሱን መስኮት ይከፍታል፣ ማውስና የፊደል ገበታም ይጠብቃል። የሚዲያ ማዕከል በአንጻሩ መላውን ስክሪን ራሱ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ይስላል፤ ትእዛዝም የሚቀበለው ከሪሞት ቀስቶች ነው። ስለዚህ ገጹ በመጀመሪያ ከዓይን በተሰወረ የማኅደረ ትውስታ ክፍል ላይ ተስሎ፣ ከዚያ እንደ ሥዕል ተገልብጦ በስክሪኑ ላይ መለጠፍ አለበት። የሪሞቱም ቀስት ከአንዱ ማገናኛ ወደ ሌላው መዝለልን መማር ይኖርበታል። ከዚህም ሁሉ የሚከብደው ጥገናው ነው፤ የማሰሻ ሞተር የደኅንነት ቀዳዳው በየጊዜው ካልተደፈነ ለባለቤቱ አደጋ ነውና። ባለቤቱ ጎጆ ውስጥ እያለ እንግዳው ባለ ፎቅ ይዞ የመጣ ያህል ነው።

የኤክስቢኤምሲ ሰዎች የመረጡት ሌላ መንገድ ነበር። ለእያንዳንዱ የቪዲዮ አቅራቢ በፓይተን ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ፕሮግራሙም የሚፈለገውን ብቻ ከገጹ ለቅሞ በማዕከሉ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ዘዴው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ገጹ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ይሰበራል።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በግልጽ የታየው በ2009 ነው። ከኤክስቢኤምሲ የተቀዳው ቦክሲ የአሜሪካውን የቪዲዮ አቅራቢ የሁሉን ዝግጅቶች ያሳይ ነበር። (የስሙ ድምፅ በእኛ ቋንቋ የሚሰጠው ትርጉም ለጉዳዩ ምፀት ነው።) በየካቲት ወር ሁሉ በይዘት ባለቤቶች ጥያቄ መነሻነት ከቦክሲ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ቦክሲም እሺ አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ቦክሲ የሞዚላን ሥራ መሠረት ያደረገ ማሰሻ በውስጡ አስገብቶ ተመለሰ። ክርክሩም፣ እኛ እንደ ማንኛውም ማሰሻ ገጹን ከፍተን እናሳያለን እንጂ ምንም አንወስድም የሚል ነበር። ሁሉ ይህንንም አገደ። በእኔ አስተያየት በዚህ ነጥብ የቦክሲ ክርክር የሚያይል ነው፤ አንድን ገጽ በጠረጴዛ ላይ እንዲነበብ ፈቅዶ በሳሎን ግድግዳ ላይ እንዳይነበብ መከልከል በምሕንድስና በኩል መሠረት የለውም። ሳምሰንግ በ2013 ቦክሲን ገዛው። ኤክስቢኤምሲም በ2014 ስሙን ኮዲ ብሎ ለወጠ፤ ሆኖም ሙሉ ማሰሻን ከዋናው አካሉ ጋር አላዋሐደም። አንዳንድ ተቀጥላዎቹ ውጭ ያለውን ማሰሻ ጠርተው ያስነሣሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእነርሱ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ምርጫ ለአሰላ ቤተሰብ ምን ማለት ነው? ፕሮግራም የሚጻፈው ብዙ ተመልካች ላለው አቅራቢ ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሚያሳትም አነስተኛ ድረ ገጽ ማን ይጽፍለታል? ማሰሻ ግን አንድ ጊዜ ከገባ ለሁሉም እኩል ይከፍታል። በጽሕፈቱም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ቁቤ ስለሚጻፍ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይነበባል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ቦታ ቢያገኝም፣ የሚዲያ ማዕከሉ የመረጠው ቅርጸ ፊደል ካላካተተው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ማሰሻ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ቅርጸ ፊደል ፈልጎ ይተካል።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል አሰላ ከወላጆቼ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁ። በማዕከሉ ዝርዝር ላይ የአማርኛ መዝሙሮቹ ርእስ ሁሉ ሣጥን ብቻ ነበር። ከማዕከሉ ወጥቼ ማሰሻውን ስከፍት ርእሶቹ በሙሉ ተነበቡ፤ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን እስከ ታች ካነበቡ በኋላ ወደ ላይ ለመመለስ ሪሞቱን ቢጫኑት፣ አልታዘዝ አላቸው።