የፀረ ቫይረስና የፀረ ብግነት መድኃኒቶች በጣምራ የሚሰጡት መቼ ነው?

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19ን የመሳሰሉ በቫይረስ የሚመጡ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍትና በቂ ፈሳሽ በመውሰድ ይድናሉ። በጥቂት ሕሙማን ላይ ግን ሕመሙ ወደ ሳንባ ዘልቆ ለሕይወት አስጊ ይሆናል። ለእነዚህ ሕሙማን ፀረ ቫይረስና ፀረ ብግነት መድኃኒቶች በጣምራ ሊታዘዙ ይችላሉ። ጥቅማቸው በሚሰጡበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያለጊዜው የተወሰደ መድኃኒት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የሁለቱ መድኃኒቶች ተግባር

ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንዳይባዛ ያግዳል። ቫይረሱ በብዛት የሚባዛው በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት በመሆኑ ሕክምናው ቀድሞ መጀመር አለበት። ለምሳሌ ለኢንፍሉዌንዛ የሚታዘዘው ኦሴልታሚቪር ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ብግነት ሰውነት ራሱን ከቫይረሱ ለመከላከል ሲል የሚያሳየው መቆጣት ነው። ይህ መቆጣት ከልክ ሲያልፍ የሕመምተኛውን ሳንባ ይጎዳል፤ በኮቪድ-19 ይህ በብዛት የሚታየው ከመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ጀምሮ ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች መቆጣቱን ያበርዳሉ፤ ነገር ግን የሰውነትን የመከላከል ዐቅም ያዳክማሉ።

በጥናት የተረጋገጠው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ሕሙማን መካከል የሞት መጠንን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደቀነሰ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አልሰጠም። በዚያው ወር የጤና ሚኒስቴር መድኃኒቱ ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ ምክረ ሐሳብ አቀረበ።

ሌላ 1,033 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ሬምዴሲቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ ብቻውንና ባሪሲቲኒብ ከተባለው ፀረ ብግነት ጋር አነጻጽሯል። ከፍተኛ የኦክስጅን ድጋፍ ከሚሹት መካከል ጣምራውን የወሰዱት የማገገሚያ ጊዜያቸው ከ18 ወደ 10 ቀን አጥሯል። ይህ ውጤት ለሁሉም ቫይረስ አይሠራም፤ ለኢንፍሉዌንዛ ስቴሮይድ በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመከርም።

በራስ ፈቃድ መውሰድ የሚያስከትለው ጉዳት

ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። በሐሙሲት፣ በወረታና በአጠቃላይ በፎገራ ሜዳ በሩዝ ማሳ ለሚሠሩ አርሶ አደሮች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ከእርጥብ አፈር በባዶ እግር በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ለዓመታትም ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። ስቴሮይድ ሲወሰድ ትሉ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ፀረ ብግነት ናቸው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሕፃን አስፕሪን መስጠት ክልክል ነው።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ

• ትኩሳት ያለበት ሰው በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይመርመር። የፎገራ ሜዳ ወባ የሚገኝበት አካባቢ በመሆኑ የወባ ምርመራም ያስፈልጋል።
• አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምልክቱ እንደታየ፣ ሳይዘገዩ ይቅረቡ።
• የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ራስን መሳት የታየበት ሰው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ከሆነ ባለሙያው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ ለሐሙሲት አካባቢ ነዋሪዎች በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ሆስፒታሎች ይገኛሉ።
• ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችና ነባር ሕመሞቹን ለባለሙያው ይግለጽ።
• በሐኪም የታዘዘ ስቴሮይድ በተባለው መጠንና ቀን ብቻ ይወሰድ፤ ለሌላ ሰው አይሰጥ።

ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 952 ወይም 8335 መደወል ይቻላል።